በበጎ ፈቃደኞች የሚመሩ የዘር ሐረግ ድረ ገጾችና መስፈርቶቻቸው

የአካባቢ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ የአንድን ወረዳ፣ ከተማ ወይም አጥቢያ የቆዩ መዛግብት አሰባስቦ ቅድመ አያቶቹን ለሚፈልግ ሰው በነፃ የሚያቀርብ የመረጃ ማኖሪያ ነው። በውስጡ የሚገኘው በአብዛኛው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር፣ ኑዛዜ፣ የመሬት ውልና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ግልባጭ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ መቃብር ለመቃብር እየዞረ የድንጋይ ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሌላው የፍርድ ቤት መዝገብ ሲተይብ ያመሻል። ድካማቸው የሚታመነውና የሚጠቅመው በምን ሕግ ሲመራ ነው የሚለው ጥያቄ ድረ ገጾቹ ከተፈጠሩበት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያነጋግር ኖሯል። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከአጀማመሩ አንሥቶ በየዘርፉ ይመለከታል። ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አጀማመር

የዚህ ዓይነት ሥራ ትልቁ ምሳሌ የአሜሪካው የዩኤስጄንዌብ ፕሮጀክት ነው። የተጀመረው በ1996 በኬንታኪ ግዛት ነው። ኬንታኪ 120 ካውንቲዎች አሏት። ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር ሲሆን የራሱ ፍርድ ቤትና መዝገብ ቤት አለው። የጀማሪዎቹ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ካውንቲ አንድ ገጽና አንድ በጎ ፈቃደኛ አስተባባሪ ይኑር የሚል ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የኬንታኪ ካውንቲዎች ሁሉ ገጽ አገኙ። ሐሳቡ ወዲያው ወደ ሌሎቹ ግዛቶች ተሻገረ፤ በዚያው ዓመትም ለሌሎች አገሮች የታሰበው ወርልድጄንዌብ ተመሠረተ።

ሥራው በካውንቲ የተከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የጋብቻ ፈቃድ፣ ኑዛዜ፣ የውርስ ክርክርና የመሬት ውል በአብዛኛው የሚቀመጡት በካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። መዝገቡን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ የትኛው መዝገብ ቤት እንደተቃጠለ፣ የትኛው መንደር ስሙን እንደለወጠ የሚናገርም እርሱ ነው።

በብሪታንያና በአየርላንድ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ጄንዩኪ በተመሳሳይ መንገድ በአገር፣ በካውንቲና በአጥቢያ ተደራጀ። ጄንዩኪ ከመጀመሪያው አንድ ወሰን አበጅቷል፤ የሚያስተናግደው የአካባቢ መዛግብትንና ስለ መዛግብቱ የሚሰጥን መረጃ እንጂ ግለሰቦች ገና እያጠኑት ያለውን የየቤተሰባቸውን ዛፍ አይደለም። በ1998 የተጀመረው ፍሪ ቢኤምዲ ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ መረጠ። በእንግሊዝና በዌልስ ከሐምሌ 1837 ጀምሮ የተያዘውን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ማውጫ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነበር። ሦስቱ ድርጅቶች በአሠራር ይለያያሉ፤ ሆኖም መስፈርትን በሚመለከት የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነው።

መስፈርት ለምን አስፈለገ

የዘር ሐረግ ጥናት ከሌላ የታሪክ ጥናት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ስሕተቱ ይወለዳል፣ ይዋለዳል። በአንድ ገጽ ላይ 1847 ተብሎ መጻፍ የነበረበት ዓመት 1874 ተብሎ ቢጻፍ፣ አንድ አንባቢ ወደ ቤተሰቡ ዛፍ ይወስደዋል፣ ሌላው ከእርሱ ይቀዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቶ ቦታ የሚገኝ "እውነት" ይሆናል። መቶው ምስክር ግን የአንዱ ስሕተት መቶ ግልባጭ ነው። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው እያንዳንዱ መረጃ ከየት እንደተገኘ አብሮት መጻፉ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል በጎ ፈቃደኛ ተቀጣሪ አይደለም። ደንቡ ከበዛበት ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ከእርሱ ጋርም መዝገቡ ይጠፋል። ስለዚህ የመስፈርት አውጪዎች ችግር ሁልጊዜ ሁለት ጫፍ አለው። መስፈርቱ ከላላ አንባቢው ይሳሳታል፤ ከጠበቀ ሠራተኛው ይሸሻል። በተግባር የቆየው መፍትሔ መስፈርቱን ለሁለት መክፈል ነው። ጥቂት ነገሮች ግዴታ ይሆናሉ፤ ቀሪው ምክር ሆኖ ይቀመጣል። በዩኤስጄንዌብ ለምሳሌ የአስተባባሪው ስምና አድራሻ በገጹ ላይ መታየቱ፣ የፕሮጀክቱ ምልክት መኖሩና አገልግሎቱ ነፃ መሆኑ ግዴታ ነው። የገጹ መልክና አደረጃጀት ግን ለአስተባባሪው ተትቷል።

የምንጭ አጠቃቀስ

በዘር ሐረግ ሙያ ውስጥ ከፍተኛ ተሰሚነት ያለው መመዘኛ በ1964 የተቋቋመው የአሜሪካ የዘር ሐረግ ባለሙያዎች ምስክር ወረቀት ሰጪ ቦርድ የሚያራምደው የማስረጃ መስፈርት ነው። አምስት ነጥቦች አሉት። ፍለጋው በቂና ሰፊ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ መረጃ ከሙሉ ምንጩ ጋር መጠቀስ አለበት፤ ማስረጃዎቹ ተነጻጽረው መመርመር አለባቸው፤ እርስ በርስ የሚጋጩት መፍትሔ ማግኘት አለባቸው፤ መደምደሚያውም በግልጽ መጻፍ አለበት። በ1903 የተመሠረተው ብሔራዊ የዘር ሐረግ ማኅበር ደግሞ መረጃን ለሌላ ስለ ማካፈልና በኢንተርኔት ስለ ማተም ለተራው ተመራማሪ የሚሆኑ አጫጭር መመሪያዎችን አውጥቷል።

የአካባቢ ድረ ገጽ አምስቱን ነጥቦች ሁሉ ሊያሟላ አይጠበቅበትም። ሥራው መዝገብ ማቅረብ ነው፤ መደምደም የአንባቢው ድርሻ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ግን ለእርሱም የማይቀር ነው። ለአንድ የጋብቻ ዝርዝር "ከፍርድ ቤት መዝገብ የተገኘ" ብሎ መጻፍ አይበቃም። የትኛው ፍርድ ቤት፣ ስንተኛው ቅጽ፣ ስንተኛው ገጽ፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት፣ ዋናው መዝገብ ታይቶ ነው ወይስ ማይክሮፊልሙ ወይስ ቀደም ብሎ የታተመ መጽሐፍ፣ ማን ገለበጠው፣ መቼ? ይህ ሁሉ በሁለት መስመር ይጻፋል። ሁለቱ መስመሮች ከሌሉ አንድ ሺህ ስሞች የያዘ ዝርዝር እንኳ ከወሬ ብዙ አይሻልም።

በዋናው መዝገብና በግልባጩ መካከል ያለውን ልዩነት ማሳየትም ከዚሁ ይመደባል። የመቃብር ድንጋይ የሞትን ቀን ከሞት መዝገብ ያነሰ ሊያስረዳ ይችላል፤ ድንጋዩ ከቀብሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሠርቶ ሊሆን ይችላልና። ቆጠራ ላይ የተጻፈ ዕድሜ ለቆጣሪው ማን እንደነገረው አይታወቅም። ጥሩ ድረ ገጽ እነዚህን የመዝገብ ጠባዮች በአጭር መግቢያ ያስረዳል፤ አንባቢውም እያንዳንዱን ማስረጃ በሚዛኑ ይወስዳል።

የአገለባበጥ ሕግ

የገልባጭ የመጀመሪያ ሕግ ያየውን መጻፍ ነው። በፍሪ ቢኤምዲ ይህ የሥራው መሠረት ነው። መዝገቡ ስሙን በተሳሳተ ፊደል ጽፎት ከሆነ ግልባጩም እንደዚያው ይጽፈዋል፤ ገልባጩ ትክክለኛውን ቢያውቅ እንኳ አያርመውም። ማብራሪያ ካለው በቅንፍ ወይም በማስታወሻ ለብቻው ያስቀምጣል። ያልተነበበ ፊደል በግምት አይሞላም። ፍሪ ቢኤምዲ ለዚህ ቋሚ ምልክቶች አበጅቷል፤ አንድ ያልተነበበ ፊደል በታች ሰረዝ፣ ከዚያ በላይ ያልተነበበ በኮከብ ምልክት ይወከላል። በዚህ መንገድ የገልባጩ ጥርጣሬ ራሱ መረጃ ሆኖ ይቆያል።

ሁለተኛው ሕግ ድርብ ግልባጭ ነው። አንዱን ገጽ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይተይቡታል፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ተለይቶ ይታያል። አሠራሩ ሁለት እጥፍ ጉልበት ስለሚፈልግ ለእያንዳንዱ የአካባቢ ገጽ ላይሆን ይችላል። ቢያንስ ግን የተተየበውን ሌላ ሰው ከዋናው ጋር እንዲያመሳክረው ማድረግ፣ ያልተመሳከረውንም "ገና አልተመሳከረም" ብሎ ማመልከት ይቻላል።

የድሮ ጽሑፍ ለዛሬ ዓይን ወጥመዶች አሉት። በእንግሊዝኛ መዛግብት ዊልያምና ጆን የሚሉት ስሞች በአጭር ምልክት ይጻፋሉ። "ታላቁ" እና "ታናሹ" የሚል ቅጽል ሁልጊዜ አባትና ልጅን አያመለክትም፤ በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ ስማቸው የተመሳሰለ፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች በዕድሜ የሚለዩበትም ነበር። ዛሬ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል በድሮ ኑዛዜ የወንድምን ወይም የእኅትን ልጅም ሊጠራ ይችላል። ገልባጩ እነዚህን ቃላት ወደ ዛሬ አነጋገር ከለወጣቸው አንድ ትውልድ ይሳሳታል። እንደተጻፉ ከተዋቸውና በመግቢያው ካስረዳቸው ግን አንባቢው ራሱ ይመዝናል።

ቀን፣ ቦታና ስም

ቀንን የሚመለከተው መስፈርት ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። አሜሪካውያን ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ፤ አውሮፓውያን ቀኑን ከወሩ። ስለዚህ "3/12/1890" ለአንዱ መጋቢት 12 ለሌላው ታኅሣሥ 3 ነው። ወሩ በፊደል ከተጻፈ ክርክሩ ያበቃል።

ከዚህ የሚከብደው የዘመን አቆጣጠር ለውጥ ነው። ብሪታንያና ቅኝ ግዛቶቿ ከዩልዮስ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሻገሩት በ1752 ነው። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚጀምረው መጋቢት 25 ቀን ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በተወለደ ጊዜ የነበረው ቀን የካቲት 11 ሲሆን ዓመቱ በአሮጌው 1731፣ በአዲሱ 1732 ነው፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልደቱ የካቲት 22 ቀን ነው። ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ደግሞ ወራትን በቁጥር ብቻ ይጠሩ ነበር፤ ከ1752 በፊት "አንደኛ ወር" የሚሉት ጥርን ሳይሆን መጋቢትን ነው። ስለዚህ የተለመደው መስፈርት በጥር 1 እና በመጋቢት 25 መካከል የሚውሉትን የዚያን ዘመን ቀኖች በሁለት ዓመት፣ 1731/32 ተብሎ እንደሚጻፈው ማስቀመጥና መዝገቡ የተጠቀመበትን አቆጣጠር ሳይለውጡ ማቆየት ነው።

ቦታም እንደዚሁ ይንቀሳቀሳል። ኬንታኪ በ1776 የቨርጂኒያ ካውንቲ ሆና ተቋቋመች፤ በ1780 ለሦስት ካውንቲዎች ተከፈለች፤ በ1792 ራሷን የቻለች ግዛት ሆነች፤ ከዚያም እየተከፋፈለች ዛሬ 120 ደርሳለች። አንድ ቤተሰብ ከጎጆው ሳይነቃነቅ በሁለት ግዛትና በሦስት ካውንቲ መዝገብ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የካውንቲ ገጽ መቼ እንደተመሠረተ፣ ከየትኛው ካውንቲ እንደተቆረሰና በኋላም የትኛው ከእርሱ እንደተቆረሰ በፊት ገጹ ላይ ሊያስታውቅ ይገባል። መዝገብ ቤቱ ተቃጥሎ ከሆነም ያንን መናገር ፈላጊውን ከከንቱ ድካም ያድነዋል። በአገር ደረጃም እንዲህ ያለ ጉድለት አለ። የ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ወረቀት በ1921 በዋሽንግተን በደረሰ ቃጠሎ ተጎድቶ ከጥቂቱ በቀር ጠፍቷል።

በባርነት የነበሩ ሰዎች መዝገብ

የመስፈርት ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። በአሜሪካ ቆጠራ የነፃ ሰዎች ሁሉ ስም መጻፍ የተጀመረው በ1850 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ስም ብቻ ነበር። በ1850 እና በ1860 በባርነት የነበሩ ሰዎች በተለየ ዝርዝር ተቆጠሩ፤ እዚያም ከጥቂቶች በቀር በባለቤታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ተመዘገቡ። ነፃ የወጡት ሰዎች በቆጠራ ላይ በስማቸው የተገኙት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። ለአፍሪካ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ይህ ዓመት እንደ ግድግዳ ነው።

ግድግዳውን የሚያሻግሩት መዛግብት የሚገኙት በየካውንቲው ነው። ኑዛዜ፣ የውርስ ንብረት ዝርዝርና የሽያጭ ውል በባርነት የነበሩትን ሰዎች አንዳንዴ በስም፣ አንዳንዴም ከእናታቸው ጋር ይጠራሉ። ገልባጩ የሟቹንና የወራሾቹን ስም ብቻ አውጥቶ የቀረውን "ሌላ ንብረት" ብሎ ካለፈው የእነዚያን ሰዎች ልጆች ብቸኛውን ድልድይ ይነሣቸዋል። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ የተጠራ ሰው ሁሉ፣ ባለቤትም ሆነ በባርነት የተያዘ፣ በማውጫው ውስጥ እኩል ቦታ ሊያገኝ ይገባል። መዝገቡ የተጠቀመበት የሚያዋርድ ቃል በግልባጩ ውስጥ ምንነቱ ተገልጾ ይቆያል፤ በርእስና በማብራሪያ ላይ ግን ድረ ገጹ የራሱን ክብር ያለው ቋንቋ ይጠቀማል።

በጎ ፈቃደኞች በዚህ ረገድ ምን ያህል መሥራት እንደሚችሉ የነፃ ወጪዎች ቢሮ መዛግብት ሥራ አሳይቷል። ቢሮው ከ1865 እስከ 1872 ነፃ የወጡትን ሰዎች ውልና ጋብቻ፣ የእርዳታና የትምህርት ጉዳይ መዝግቦ ነበር። ከ2015 እስከ 2016 በአንድ ዓመት ገደማ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከመዛግብቱ 1.8 ሚሊዮን ያህል ስሞችን በማውጫ አስገብተዋል።

ሕያዋንና የግል መረጃ

የሞተ ሰው መዝገብ ታሪክ ነው፤ የሕያው ሰው መዝገብ ግን ኑሮው ነው። የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ቦታው በብዙ አገር ባንኮች ማንነትን ለማረጋገጥ የሚጠይቋቸው ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ካሉት መስፈርቶች ሁሉ ጠንካራው፣ ድርጅቶቹም ከሞላ ጎደል የሚስማሙበት፣ የሕያው ሰው ዝርዝር ያለ ፈቃዱ አይወጣም የሚለው ነው። ዊኪትሪ የተባለው የጋራ የዘር ሐረግ ድረ ገጽም የሕያዋንን ገጽ ከሕዝብ ዓይን ይጠብቃል።

ሕጎችም የጊዜ ወሰን ያበጃሉ። በአሜሪካ የሰዎች ስም ያለበት የቆጠራ ወረቀት ከ72 ዓመት በፊት ለሕዝብ አይከፈትም፤ የ1950 ቆጠራ የተከፈተው ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚጠበቀው 100 ዓመት ሲሆን የ1921 ቆጠራ በጥር 2022 ወጥቷል። የማንነት ሌቦች የሟቾችን ቁጥር ስለተጠቀሙበት አሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና የሞት ዝርዝርን ከሞቱ በኋላ ለሦስት የቀን መቁጠሪያ ዓመታት የተረጋገጠ ፈቃድ ለሌለው ሰው እንዳይሰጥ በ2013 በወጣ ሕግ ገድባለች። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሚጠብቀው ሕያዋንን ነው፤ ስለ ሟቾች ደንብ ማውጣቱን ለየአገሮቹ ትቷል።

መስፈርት ግን ከሕግ ትንሽ ቀድሞ መቆም አለበት። የሞቱን ማስረጃ ማግኘት ካልተቻለ፣ ሰውየው ከተወለደ 100 ዓመት እስኪያልፍ ድረስ በሕይወት እንዳለ መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። ከሕያዋን አንዱ ስሙ እንዲነሣለት ከጠየቀም ምክንያት ሳይጠየቅ ወዲያው ይነሣለታል። ከጋብቻ ውጭ መወለድ፣ ጉዲፈቻ፣ እስራትና የአእምሮ ሕመም የልጅ ልጆችን የሚነኩ ነገሮች በመሆናቸው፣ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም እንኳ እንዴት እንደሚቀርቡ አስተባባሪው ሊያስብበት ይገባል።

ባለቤትነትና ነፃ አገልግሎት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 በፋይስትና በሩራል መካከል በነበረው የስልክ ማውጫ ክርክር፣ እውነታ ራሱ የቅጅ መብት እንደሌለው ወስኗል። የአንድ ሰው የልደት ቀን የማንም ንብረት አይደለም። የተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ፣ ፎቶግራፍና በአዘጋጅ ፈጠራ የተደራጀ ሥራ ግን ባለቤት አለው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ከሌላ ድረ ገጽ ወይም መጽሐፍ ያገኘውን ሲያስገባ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰዎች የላኩለትንም በስማቸው ያስቀምጣል፤ ለምን አገልግሎት እንደፈቀዱትም ይመዘግባል።

የመጨረሻው ነጥብ በታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። ሩትስዌብ የተባለው ነፃ አገልግሎት የብዙ ካውንቲ ገጾች ማኖሪያ ነበር። በ2000 በዘር ሐረግ ንግድ የሚታወቀው ማይፋሚሊ ኩባንያ ገዛው። ገጾቹ በነፃ ቢቀጥሉም ብዙ በጎ ፈቃደኞች የለገሱት ጉልበት የንግድ ድርጅት ቤት ውስጥ እንደገባ ተሰማቸው። ገጹ ነፃ ይሁን የሚለው መስፈርት ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ታየ። ሰጪው መብቱን ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓላማ እንደሰጠ፣ ማኖሪያው ቢሸጥ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

አስተዳደርና አፈጻጸም

ደንብ ሲወጣ ማን ያወጣዋል፣ ሲጣስስ ማን ይዳኛል የሚለው ይከተላል። ዩኤስጄንዌብ በ1998 መተዳደሪያ ደንብ አጸደቀ፤ አባላት የሚመርጡት አማካሪ ቦርድና ብሔራዊ አስተባባሪ አለው። የየግዛቱ ድርጅት የራሱን ተጨማሪ መመሪያ ማውጣት ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአስተዳደሩ ያልተስማሙ በጎ ፈቃደኞች ተለይተው የአሜሪካ የአካባቢ ታሪክ መረብንና የአሜሪካ ታሪክና የዘር ሐረግ ፕሮጀክትን መሥርተዋል። መለያየቱ የሚያስተምረው በፈቃድ የተሰበሰበ ሰው በትእዛዝ እንደማይመራ ነው።

ከዚህ ልምድ የሚወጣው የአፈጻጸም ሥርዓት የሚከተለው ነው። ደንቡ አጭርና በጽሑፍ ይሁን፤ ለውጡ በአባላት ይጽደቅ። ጉድለት ሲገኝ አስተባባሪው በመጀመሪያ በግል ይነገረው፤ ለማረም በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ የሚያግዘው ሰው ይመደብለት። ከሥራ ማሰናበት የመጨረሻው ርምጃ ይሁን፤ ይግባኝም ይኑረው። ለጥያቄ የማይመልስ፣ ገጹን ለረጅም ጊዜ የረሳ አስተባባሪ ካለ ቦታው ለሌላ ይከፈት። ዩኤስጄንዌብ አስተባባሪ የሌላቸውን ካውንቲዎች ለአዲስ አሳዳጊ ክፍት መሆናቸውን ማስታወቁ መልካም ልማድ ነው።

ለከባድ ሥራ ደግሞ መግቢያውን ማጥበብ ይቻላል። ዊኪትሪ ማንም ሰው ዛፉን እንዲያሳድግ ይፈቅዳል፤ ከ1700 በፊት የኖሩ ሰዎችን ገጽ ለማረም ግን አባሉ የምንጭ አጠቃቀስን ማወቁን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ሁሉን ለሁሉ ከመከልከል ይልቅ አደጋው በሚበዛበት ቦታ ብቻ ማጥበቅ ለበጎ ፈቃደኛ ሥራ የሚስማማ ስልት ነው።

የድረ ገጹ ዕድሜ

ብራና ሺህ ዓመት ይቆያል፤ ድረ ገጽ ግን የሰርቨር ኪራይ ባልተከፈለ ማግስት ሊጠፋ ይችላል። በ1990ዎቹ ብዙ የቤተሰብ ታሪክ ገጾችን ያስጠለለው ጂኦሲቲስ በጥቅምት 2009 በአሜሪካ ተዘጋ። በታኅሣሥ 2017 ሩትስዌብ የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ተጋልጦ በመገኘቱ ለጊዜው ተዘጋ፤ በዚያ የነበሩ የካውንቲ ገጾችም አብረው ተቋረጡ። ገጾቻቸውን በሌላ ቦታ ምትኬ ያስቀመጡ አስተባባሪዎች ሥራቸውን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛወሩ።

ስለዚህ የመስፈርቱ አንድ ክፍል ስለ ውርስ ይናገራል። የገጹ ሙሉ ግልባጭ ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉንና የዶሜይኑን ምዝገባ ከአስተባባሪው ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። አስተባባሪው ቢሞት ሥራው ለማን እንደሚያልፍ በጽሑፍ ይኑር። መዛግብቱ ዛሬ ያማረ በሚመስል ነገ ግን በሚሞት ቴክኖሎጂ ሳይሆን በቀላል ጽሑፍና በተለመደ የምስል ዓይነት ይቀመጡ። በዚህ ረገድ በ1984 የተሠራው ጌድኮም የተባለው የዘር ሐረግ መረጃ መለዋወጫ ቅርጽ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ በማንኛውም ኮምፒዩተር ይነበባል፤ ሰባተኛው እትሙ በ2021 ወጥቷል። ገጹ ለዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ መሣሪያ እንዲነበብ ሆኖ መሠራቱም ከዚሁ ይቆጠራል፤ በምስል ብቻ የቀረበ የስም ዝርዝር በድምፅም አይነበብም፣ በፍለጋም አይገኝም።

የአማርኛ መዛግብት የሚጠይቁት

እነዚህ መስፈርቶች የተቀረጹት ለእንግሊዝኛ መዛግብት ነው። በኢትዮጵያ ሥራው ቢጀመር፣ ወይም በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሐረጋቸውን ቢያሰባስቡ፣ ጥቂቶቹ መለወጥ፣ ጥቂቶቹም መጨመር አለባቸው። አገሩ ለትውልድ ቆጠራ እንግዳ አይደለም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚ አባት በመወለድ የሚጠየቅ ስለነበረ፣ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ እስኪሆን ድረስ ባለ ጉዳይ ሐረጉን በዳኛ ፊት ይቆጥር ነበር። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ በአብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች አንደበትና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ነው። ስለዚህ የቃል ምስክርነትን የሚመለከት መስፈርት ቀዳሚ ይሆናል። ማን ተናገረ፣ ለማን፣ መቼ፣ የት፣ ራሱ ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? ድምፁ ከተቀረጸ ድምፁ ራሱ ዋናው መዝገብ ነው፤ ጽሑፉ ግልባጩ ነው።

ስምም የራሱ ሥርዓት አለው። ኢትዮጵያዊ በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስለዚህ በመጨረሻ ስም የተደራጀ ማውጫ አባትና ልጅን ይለያያል። ወደ ውጭ የሄደ ቤተሰብ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲያስመዘግብ ሐረጉ በአንድ ትውልድ ይዘላል። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስምና ማዕረግ ለየብቻ ቦታ ይፈልጋሉ። ኃይለ የሚለውን በሀ፣ በሐ ወይም በኀ የጻፈው መዝገብ እንደጻፈው ይቆይ፤ የፍለጋ ማውጫው ግን ሦስቱንም አንድ አድርጎ ያግኝ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ስለገባ፣ ስሞችን በላቲን ፊደል ብቻ ለማስቀመጥ የነበረው ምክንያት ቀርቷል።

ዘመኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። የቆየ ሰነድ ዓመቱን በቁጥር ሳይጽፍ "በዘመነ ሉቃስ" ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለሱ ቀኑ የሚወሰነው በሰነዱ ውስጥ በተጠራው ንጉሥ ወይም አለቃ ነው። ገልባጩ የሰነዱን አነጋገር እንዳለ ይጽፋል፤ ስሌቱን ለብቻው ያስቀምጣል። የሕያዋንን መረጃ በተመለከተም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓ.ም.) ስላለ ጉዳዩ የልማድ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ማጠቃለያ

የሠላሳ ዓመት ልምድ ሲጠቃለል ግዴታ ሊሆኑ የሚገባቸው ነገሮች ስድስት ናቸው። የእያንዳንዱ መረጃ ምንጭና ገልባጭ መጻፍ፤ መዝገቡን እንዳለ መገልበጥ፤ በመዝገቡ የተጠራን ሰው ሁሉ ሳያበላልጡ ማካተት፤ ሕያዋንን መጠበቅ፤ የሰጪዎችን መብትና ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ፤ ምትኬና ተተኪ ማዘጋጀት። ከእነዚህ ውጭ ያለው ምክር ሆኖ ቢቀመጥ ሥራው አይጎዳም። ከስድስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የብዙ ሰው ድካም ወይ ያሳስታል፣ ወይ ሰውን ይጎዳል፣ ወይ ይጠፋል። ስድስቱን ለማሟላት ገንዘብ ወይም ልዩ ሙያ አያስፈልግም፤ ሥራው ሲጀመር የሚወሰንና በየገጹ የሚደገም ጥንቃቄ ይበቃል። የአያቱን ቃል ዛሬ በስልኩ የሚቀርጽ ሰው የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በዚያው ሰዓት ይጻፍ፤ መስፈርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።